የተርሙት ግራ እግር

እስክንድርያ፣ የሮም ነገሥታት ወደ ክርስትና በገቡበት ዘመን፣ ቀትር ላይ፤ ዝነኛዋ የአስቂኝ ቲያትር ተዋናይ ተርሙት ፊቷን ዱቄት ነስንሳ አልጋዋ ላይ ተዘርራለች፣ ሊያጠምቋት የተጠሩት ሽማግሌው ቄስ ሳራፕዮን የውሃ ማሰሮ ታቅፈው ቆመዋል፣ ከመስኮቱ ሥር ሕዝብ ይንጫጫል።

ሳራፕዮን፦ አላጠምቅሽም ብያለሁ፣ አላጠምቅሽም! እስቲ መጀመሪያ እንደ ሰው ታመሚ!

ተርሙት፦ ኧረ አባ፣ ከዚህ በላይ ምን ልሁን? ትንፋሼ እኮ እየተቆራረጠ ነው። ይስሙኝ እስቲ፦ እህ… እህህ… እህ…

ሳራፕዮን፦ ዱቄቱ ካፍንጫሽ እየረገፈ ነው።

ተርሙት፦ ላብ ነው።

ሳራፕዮን፦ ነጭ ላብ?

ተርሙት፦ የሞት ላብ ነዋ!

ሳራፕዮን፦ አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እኮ ሟች ስሸኝ ነው የሸበትኩት። የዳቦ ዱቄት የሚያልበው ሰው ግን ገና ዛሬ አንቺን አየሁ።

ተርሙት፦ እንግዲያው ዝም ብለው ይመልከቱ። አሁን ነፍሴ ልትወጣ ነው። ደህና ሁኚ ዓለም! ደህና ሁኚ እስክንድርያ! አንቺም የጎረቤቴ ድመት፣ ዓሣዬን የበላሽው፣ ይቅር ብዬሻለሁ… እ… እእ… እእእ!

ሳራፕዮን፦ ይኸው! ይኸው ግራ እግርሽን አነሳሽ!

ተርሙት፦ ባነሳስ?

ሳራፕዮን፦ ይሄ የቲያትሩ ሞት ነዋ! የስስታሙ ሰውዬ ሚስት መርዙን ስትጠጣ የምትሞተው! መጀመሪያ ዓለምን ትሰናበቻለሽ፣ ቀጥሎ ድመቷን፣ ከዚያ ግራ እግርሽ ብቻውን ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ባልየው እሱን ተጭኖ ሲያወርደው ቀኙ ይነሳል…

ተርሙት፦ አባ።

ሳራፕዮን፦ …ቀኙን ሲያወርድ ግራው ይነሳል፣ በመጨረሻ ሲቸግረው ሁለቱም ላይ ዘፍ ብሎ ይቀመጥና…

ተርሙት፦ አባ!

ሳራፕዮን፦ ምነው?

ተርሙት፦ እኔ ያነሳሁት ግራዬን ብቻ ነው። የቀኙን የት አዩት?

ሳራፕዮን፦ እ?

ተርሙት፦ ቄስ ቲያትር ቤት ከገባ ይወገዛል ሲባል ሰምቼ ነበር።

ሳራፕዮን፦ ሰው… ሰው ነግሮኝ ነው። ምእመናን ሲናዘዙ።

ተርሙት፦ ባልየው ዘፍ ብሎ እንደሚቀመጥ ጭምር ተናዘዙ?

ሳራፕዮን፦ አንዳንዱ ሰው ሲናዘዝ ዝርዝር ያበዛል።

ተርሙት፦ ጆሮዎ ቀላ።

ሳራፕዮን፦ ሙቀቱ ነው!

ተርሙት፦ ቆይ ቆይ ቆይ። እስቲ ይሳቁልኝ።

ሳራፕዮን፦ ሊሞት ያለ ሰው ፊት አይሳቅም!

ተርሙት፦ አሁን ሊሞት ያለ ሰው ሆንኩ? ይልቅ ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉ። ድመቷ ይቅርታዬን ሰምታለች፤ አልቀበልም ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ይዩዋት፣ ተኳርፈናል።

ሳራፕዮን፦ … … … ፊው! ህ ህ ህ… ፊው!

ተርሙት፦ እሱ ነው! ወይኔ ጉዴ፣ ራሱ ነው! የዓምዱ ሥር ሳቅ!

ሳራፕዮን፦ የምን ዓምድ?

ተርሙት፦ አባ፣ እኛ ተመልካችን በመልክ አናውቅም፤ በሳቁ ነው የምንለየው። ከኋላ፣ ከዓምዱ ሥር፣ ካባ የተከናነበ አንድ ሰው አለ። ሕዝቡ ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ ሁሉም ጸጥ ሲል፣ እሱ ያኔ ብቻውን “ፊው!” ይላል። ስንት ዘመን ሙሉ ማን ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ኖሬያለሁ!

ሳራፕዮን፦ ላለመሳቅ ስታገል ነው የሚዘገይብኝ። በልቤ ዳዊት እደግማለሁ።

ተርሙት፦ ታዲያ ዳዊቱስ?

ሳራፕዮን፦ አላስጣለኝም።

ተርሙት፦ መጀመሪያ እንዴት መጡ?

ሳራፕዮን፦ አንድ ምእመኔ ገብቷል ብለውኝ ልገሥጸው ነው የገባሁት።

ተርሙት፦ ገሠጹት?

ሳራፕዮን፦ አጠገቡ ቦታ ነበር።

ተርሙት፦ በሁለተኛውስ ቀን?

ሳራፕዮን፦ ሌላ ምእመን። ተዪኝ እባክሽ!

ተርሙት፦ እኔ እርስዎን እጠብቅ ነበር እኮ! እርስዎ ካልሳቁ የሚቀጥለውን ቃል አልናገርም። ጓደኞቼ “ምን ነካሽ፣ ጠፋብሽ እንዴ?” ይሉኛል። እኔ “ኧረ ያ ሰውዬ ገና አልሳቀም” እላለሁ። ያልመጡ ዕለትማ ጨዋታው ሁሉ ይበላሽብኛል።

ሳራፕዮን፦ ጾም ላይ አልመጣም።

ተርሙት፦ ለካ ለዚህ ነው ጾም ሲገባ የሚከፋኝ!

ሳራፕዮን፦ እኔን ትጠብቂ ነበር? እኔን?… ለጳጳሱ ትነግሪያለሽ?

ተርሙት፦ አልናገርም። ግን ያጥምቁኝ።

ሳራፕዮን፦ ይሄማ ማስፈራራት ነው!

ተርሙት፦ ልመና ነው። ሳስፈራራ ድምፄ ይወፍራል፣ ያውቁታል።

ሳራፕዮን፦ አውቀዋለሁ፤ የወንበዴው እናት ሆነሽ… ኧረ ተይ፣ ከቁም ነገር አታውጪኝ! ልጄ፣ ጤነኛ ነሽ። ሥራሽን ትተሽ፣ ትምህርቱን ተምረሽ፣ ለፋሲካ ከሰዉ ጋር ብትጠመቂ ምን አለበት?

ተርሙት፦ ሥራዬን ማን ያስተወኛል? ሕጉን ያውቁት የለ። የተዋናይ ልጅ ተዋናይ ነው፤ ከመድረክ ልውረድ ቢል ወታደር ጎትቶ ይመልሰዋል። እናንተ ደግሞ መድረክ ላይ ያለ ሰው አናጠምቅም ትላላችሁ። የቀረችን አንዲት በር ናት። ሊሞት ያለ ተዋናይ ይጠመቅ፤ ተጠምቆ ከዳነ ነጻ ይውጣ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ንጉሡ ናቸው።

ሳራፕዮን፦ ንጉሡ ያወጡት ለእውነተኛ በሽተኛ ነው! ለዚህም ነው የቲያትሩ ሹም መጥቶ በዓይኑ ካላየሽ ጠብታ ውሃ ላፈስብሽ የማልችለው።

ተርሙት፦ ተልኮበታል፤ እየመጣ ነው።

ሳራፕዮን፦ እየመጣ ነው? አሁን?

ተርሙት፦ አባ፣ ኢራኢን ያውቋታል። ልጄን።

ሳራፕዮን፦ ምን ሆነች?

ተርሙት፦ ምንም አልሆነችም፤ አደገች። ጥፋቷ ይኸው ነው። ሹሙ ባለፈው ከጉድጓድ ውሃ ስትቀዳ አያትና “ቁመቷ ደርሷል፣ በመጪው በዓል መድረክ ትውጣ” አለ። እኔ ነጻ ከወጣሁ እሷም ነጻ ናት። ካልወጣሁ መድረክ ትወጣለች፤ ሰው እየሳቀባት ታረጃለች።

ሳራፕዮን፦ እሷስ ትፈልጋለች?

ተርሙት፦ ሕፃን ሳለች አንድ ቀን ቲያትር ቤት ይዣት ሄድኩ። ስሞት አየችና ጮኸች። ሕዝቡ የጨዋታው ክፍል መስሎት ፈነዳ። እሷ ስታለቅስ፣ እነሱ ሲስቁ፣ እኔ ሞቻለሁና ተነስቼ ላቅፋት አልቻልኩም። እስከ ዛሬ በዓል በደረሰ ቁጥር “እማዬ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ በበዓል የምትሞቺው?” ትለኛለች።

ሳራፕዮን፦ ያን ዕለት ነበርኩ።

ተርሙት፦ ሳቁ?

ሳራፕዮን፦ አልሳቅኩም። ዳዊቱ ረዳኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በኋላ ሳስበው ግን ዳዊቱ አልነበረም።

ተርሙት፦ እንግዲያው ይርዱኝ፣ አባቴ።

ሳራፕዮን፦ እንዴት አድርጌ? ይህን ሞት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የማውቀው? ከተማው በቃሉ ይወጣዋል! ሹሙ ገና እግርሽ ሲነቃነቅ “አበጀሽ!” ብሎ ያጨበጭባል። ሌላ ሞት አታውቂም?

ተርሙት፦ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሞት የኖርኩት ይሄንኑ ነው። እርስዎ እውነተኛውን ያውቁታል። ሰው ሲሞት ምን ያደርጋል?

ሳራፕዮን፦ ምንም አያደርግም። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንዳንዱ ጫማዬ የት አለ ይላል።

ተርሙት፦ ጫማዬ የት አለ?

ሳራፕዮን፦ አዎ። የሚሄድበት መንገድ ያለው ይመስል። ዓለምን የሚሰናበት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ተርሙት፦ ያሳዩኝ እስቲ።

ሳራፕዮን፦ ምን ላሳይሽ?

ተርሙት፦ መሬቱ ላይ ይጋደሙና ይሙቱልኝ። ካላየሁ አልይዝም።

ሳራፕዮን፦ ምን ዓይነት ጣጣ ውስጥ ገባሁ! ይኸው፣ ተጋደምኩ። ወገቤን… ይኸው። ጣሪያ አያለሁ። ዝም እላለሁ።

ተርሙት፦ … አባ?

ሳራፕዮን፦ …

ተርሙት፦ አባ፣ ያንኮራፋሉ እኮ!

ሳራፕዮን፦ እ? ሌሊት ቆሜ ያደርኩ ሰው አጋድመሽኝ! አንሺኝ። አየሽ፣ ችግሩ እግርሽ ነው፤ እናስረዋለን። ይኸው መታጠቂያዬ። ግራውን ከአልጋው ጋር…

ተርሙት፦ ሂ ሂ! ቀስ ይበሉ፣ ይኮረኩረኛል!

ሳራፕዮን፦ ሟች አይኮረኮርም! ይኸው። በይ ሙቺ።

ተርሙት፦ እህ… እህህ… ደህና ሁኚ…

ሳራፕዮን፦ ቀኙ ተነሳ!

ተርሙት፦ ግራው ሲያዝ ቀኙ ይነሳል፤ ራስዎ ነግረውኛል።

ሳራፕዮን፦ ሁለቱንም! ሁለቱንም አንድ ላይ! ወይ አንድዬ፣ ቄስ ሆኜ ሰው ልሰር?

ተርሙት፦ ለመሆኑ ከታች ሰዉ እንዴት ነው? ሞልቷል?

ሳራፕዮን፦ ምን አገባሽ?

ተርሙት፦ አንዴ ብቅ ብለው ይዩልኝ። በሞቴ!

ሳራፕዮን፦ … ሞልቷል። እስከ ዳቦ መጋገሪያው ድረስ። የሚያለቅስ አለ። የተቆላ ሽምብራ የምትሸጥም አለች።

ተርሙት፦ ሽምብራ እየተሸጠ ነው? እንግዲያውማ ትልቅ ቀን ነው! ልነሳና እጄን ብቻ…

ሳራፕዮን፦ ተኚ! እየሞትሽ ነው!

ተርሙት፦ እሺ፣ እሺ። ዋሽንት ነፊያችን መጥቷል?

ሳራፕዮን፦ አንድ ረጅም ሰው ዋሽንቱን ብብቱ ሥር ወሽቆ ደረቱን ይደቃል።

ተርሙት፦ እሱ ነው። ሲያለቅስ ያበዛዋል፤ ልኩን አያውቅም።

ሳራፕዮን፦ ዝም በይ! ደረጃው ላይ ኮቴ አለ… መጣ! ልጄ፣ እኔ ምን ልበለው? ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል፣ አይተሽዋል!

ተርሙት፦ ማን ይዋሹ አለዎት? አንዲት ቃል አይተንፍሱ። ካባዎን ይከናነቡና ራስጌዬ ይቀመጡ፣ ልክ ዓምዱ ሥር እንደሚቀመጡት። እንዳይስቁ ብቻ።

ሳራፕዮን፦ ለምን እስቃለሁ? ምን ልታደርጊ ነው? ተርሙት! ምን ልታደርጊ ነው?

ተርሙት፦ በሩ! ካባዎን!… እህ… ማነው?… የቲያትሩ ሹም ነዎት፣ ጌታዬ?… ዓይኔ ጨልሟል፣ አላየሁዎትም… ደረጃው ሲያቃስት ነው ያወቅኩዎት…

ሳራፕዮን፦ …

ተርሙት፦ ኑዛዜዬን ይስሙልኝ… ያን የፍየል ጸጉር ጺሜን… ለዋሽንት ነፊው ይስጡልኝ… የራሱ አልበቅል ብሎት ሲሰቃይ ኖሯል…

ሳራፕዮን፦ እ… እህ…

ተርሙት፦ አይዞዎት አባ… አህያ ሆነው የሚጫወቱበትን ቆዳ ለሁለቱ ወንድማማቾች… የፊተኛውን እግር ለታላቁ… የኋለኛውን ለታናሹ… መቼም ለምዶታል…

ሳራፕዮን፦ እህህ… እእ…

ተርሙት፦ አልጋው ለምን ይንቀጠቀጣል አሉ?… ትኩሳቱ ነው ጌታዬ… እግሬን አይንኩት… በገለባ የሞላሁትን ትልቁን ቦርጬን ደግሞ… ለእርስዎ… አዎ፣ እርስዎን ስጫወት የምታጠቀው… የራስዎ የከሳ ዕለት ይሆንዎታል…

ሳራፕዮን፦ … … … ፊው! እህህህህ… ፊው! ፊው!

ተርሙት፦ ያዩዋቸዋል? እንዲህ ሲያለቅሱልኝ አንጀቴን በሉት… ይበቃዎታል አባ… ጌታዬ፣ እርስዎም? በቦርጩ ነው የሚያለቅሱት?… ምን አሉ?… ልጠመቅ? ፈቀዱ?… እግዜር ይስጥልኝ… አንድ ነገር ብቻ… ጫማዬ የት አለ?… በሩን ቀስ ብለው ይዝጉት…

ሳራፕዮን፦ ፊው!

ተርሙት፦ ወጣ?

ሳራፕዮን፦ ወ… ወጣ። ወይ ጎኔን! ጎኔን!

ተርሙት፦ ሲወጣ ምን በጆሮዎ ነገረዎት?

ሳራፕዮን፦ ትከሻዬን አቀፈኝና “አባ፣ እርስዎ እንዲህ ከሆኑ እኛስ ምን እንሁን፤ ቶሎ ያጥምቋት” አለኝ። ጫማዬ የት አለ ስትይማ ጭራሹን ተሸነፈ፤ አባቱም እንዲሁ ብለው ነው የሞቱት። ተርሙት፣ አልዋሸሁም አይደል?

ተርሙት፦ አንዲት ቃል አልወጣዎትም።

ሳራፕዮን፦ እሱን እኔና ፈጣሪዬ ለብቻችን እንነጋገርበታለን። አሁን ግን ስሚኝ። ይህ ውሃ ጨዋታ አይደለም። ለልጅሽ ብቻ ከሆነ ንገሪኝ። በማንም ድምፅ ሳይሆን በራስሽ ድምፅ።

ተርሙት፦ የራሴ የትኛው እንደሆነ ከረሳሁት ቆየሁ፣ አባ።

ሳራፕዮን፦ አሁን የተናገርሽበት ነው።

ተርሙት፦ … ለልጄ ብዬ ነው የጀመርኩት። ግን በየበዓሉ እሞታለሁ፣ እነሳለሁ፣ ያጨበጭባሉ። ቤቴ ስገባ የተነሳሁ አይመስለኝም። እናንተ ዘንድ አንዴ ሞቶ አንዴ የተነሳ አለ፣ ዳግመኛም አይሞትም ሲሉ ሰማሁ። ቀናሁበት አባ። በጣም ነው የቀናሁበት።

ሳራፕዮን፦ በቃ። በቃኝ። ተነሽና ወደ ምዕራብ ዙሪ፤ ሰይጣንን የምንክደው ወደ ምዕራብ ዞረን ነው።

ተርሙት፦ ምዕራብ በየት ነው?

ሳራፕዮን፦ በመስኮቱ።

ተርሙት፦ በሕዝቡ በኩል?

ሳራፕዮን፦ በሕዝቡ በኩል። ቲያትር ቤቱም ከጀርባቸው ይታያል።

ተርሙት፦ እግሬ ታስሯል፣ እንዴት ልዙር?

ሳራፕዮን፦ ውይ፣ ረሳሁት! ቆይ፣ ቋጠሮው ከረረ… ይኸው። ሰይጣንን፣ ሥራውን፣ መድረኩንና ጭብጨባውን ሁሉ ትክጃለሽን?

ተርሙት፦ ጭብጨባውንም?

ሳራፕዮን፦ ጭብጨባውንም።

ተርሙት፦ ሰይጣኑን አሁኑኑ እክደዋለሁ፤ እሱ አያስቸግረኝም። ጭብጨባው ግን… ስሜን ሲጠሩ ይሰማዎታል? ከእንግዲህ ሰው ላላስቅ ነው?

ሳራፕዮን፦ መድረክ ላይ አታስቂም።

ተርሙት፦ ጓዳዬ ውስጥስ? ልጄን እራት ላይ ባስቃት? አንድ ሽማግሌ ቄስ ሊጠይቁኝ መጥተው እሳቸውንም ባስቅ፣ የሚከለክል ቀኖና አለ?

ሳራፕዮን፦ ቆይ ላስታውስ… ጾም ላይ ካልሆነ… የለም። አላነበብኩም። ቢኖርም ዓይኔ ደክሟል።

ተርሙት፦ እንግዲያው እክዳለሁ። ጭብጨባውንም እክዳለሁ። ቶሎ ያፍስሱ፣ ሳልጸጸት!

ሳራፕዮን፦ ወደ ምሥራቅ ዙሪ። በስመ አብ…

ተርሙት፦ ዋይ ዋይ ዋይ! በረዶ ነው እኮ!

ሳራፕዮን፦ …ወወልድ… እግርሽ! ግራ እግርሽ ተነሳ!

ተርሙት፦ እኔ አይደለሁም! ውሃው ነው!

ሳራፕዮን፦ …ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሜን! ፊው! ሀ ሀ ሀ! ፊው!

ተርሙት፦ አባ፣ አልዘገዩም! ዛሬ ወዲያው ሳቁ!

ሳራፕዮን፦ ዳነች! እናንተ ሰዎች፣ ተርሙት ዳነች!

ተርሙት፦ ኧረ ምነው በመስኮት ይጮኻሉ? ሹሙ ገና ደጅ ላይ ነው!

ሳራፕዮን፦ ይስማ! በዓይኑ አይቶ ፈቀደ፣ ተጠመቅሽ፣ ዳንሽ። ሕጉ ያለው ይኸው ነው! አሁን አንቺንም ኢራኢንም ማን ይነካል!

ተርሙት፦ ምን ይላሉ?

ሳራፕዮን፦ “ተአምር!” ይላሉ። ሹሙ ተንበርክኳል። ሽምብራ ሻጯ ሽምብራዋን ወደ ሰማይ ትበትናለች። ቆይ… ዋሽንት ነፊው ወደቀ!

ተርሙት፦ ወደቀ?

ሳራፕዮን፦ ተዘርሮ “ታምሜአለሁ፣ አጥምቁኝ!” ይላል። ይኸው አህያ የሚሆኑት ሁለቱ ወንድማማቾች ደግሞ አንዱ ባንዱ ላይ ወደቁ… ከበሮ መቺውም… ተርሙት፣ ቲያትር ቤቱ በሙሉ ታመመ!

ተርሙት፦ ዋሽንት ነፊው የትኛውን እግሩን ነው ያነሳው?

ሳራፕዮን፦ ግራውን።

ተርሙት፦ ሌባ!

ሳራፕዮን፦ ልጄ፣ ሕዝቡ አንቺን ነው የሚጠራው። አንዴ ብቅ ትበልልን እያሉ ነው። እጅሽን ብቻ ብታሳዪያቸው… እኔ አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።

ተርሙት፦ ሞልቷል?

ሳራፕዮን፦ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ጣሪያ ላይ ወጥተዋል።

ተርሙት፦ ያጨበጭባሉ?

ሳራፕዮን፦ አይሰማሽም?

ተርሙት፦ ይሰማኛል… አባ፣ መስኮቱን ይዝጉልኝ።

ሳራፕዮን፦ ልዝጋው?

ተርሙት፦ ይዝጉትና ኢራኢን ከጎረቤት ይጥሩልኝ። እናትሽ ከእንግዲህ በበዓል አትሞትም ይበሏት።